ክረምት የማያውቅ መኪና

ባለፈው ሳምንት የከሰል ምድጃ ልገዛ ምን አለሽ ተራ ገብቼ ነበር። ምድጃ ሠሪዎቹ ጋ ስደርስ አንድ ጎልማሳ የአሮጌ ጭነት መኪና ሰርባትዮ መሬት ላይ አጋድሞ በመሮ ይቀደዋል። ሰርባትዮ የናፍጣው ቋት ነው፤ ቆርቆሮው ጠንካራ ስለሆነ ለምድጃ ይፈልጉታል። ሲከፈት ከውስጡ የከረመ የናፍጣ ሽታ ቡን አለ። አጠገቤ የቆመችው ሴት አፍንጫዋን ያዘች። እኔ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ሰውዬው ልብስዎ እንዳይበላሽ ዞር ይበሉ እትዬ ቢለኝም ዞር አላልኩም፤ ምን ነካት ብሎ ሳይገረም አልቀረም። ምድጃውንም ሳልገዛ ተመለስኩ፣ ቀኑን ሙሉም ከሰው ጋር መነጋገር አላሰኘኝም።

የናፍጣ ሽታ ለእኔ የአባቴ ሽታ ነው። በሰፈራችን የአንዷ አባት በርበሬ ይሸታል፣ የአንዷ አባት ቆዳ፣ የአንዷ አዲስ አቡጀዲ። የኔ አባት ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር፤ በሳሙና ቢፈተግም አይለቀው። ሲሄድ ሽታው ብርድ ልብሱ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያውን ቀን ተከናንቤው እውላለሁ። በሁለተኛው ቀን አፍንጫዬን ካላስጠጋሁ አይመጣልኝም። በሦስተኛው ቀን ባሸተው ባሸተው ምንም የለም፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ናቸው የሚከብዱት።

አባቴ በቀለ ይባላል፣ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። እናቴ የሞተችው ነፍስ ሳላውቅ ነው። ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ዘነበች ናት። የምንኖረው ጎጃም በረንዳ፣ ከአንድ ትልቅ መጋዘን ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ነበር። አክስቴ ቅመም ትነግዳለች፤ ጠዋት ወጥታ የምትገባው ሲመሽ ነው። ደግ ሴት ነበረች፣ አልዋሽም። ግን ቀኑን ሙሉ ስትጮህ የዋለች ሰው ማታ ምን ወሬ ይኖራታል? በላሽ፣ ታጠብሽ፣ በይ ተኚ፣ አለቀ። አባቴ ደግሞ ሲቀናው በስምንት ቀን፣ ሳይቀናው በአስራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል። መኪናው ተራግፎ እስኪጫን ሁለት ሌሊት ያድራል። በሦስተኛው ቀን ስነቃ ቦታው ባዶ ነው።

የሰፈሩ ልጆች ግን እንዴት እንደሚቀኑብኝ! ያኔ የአሰብ ሹፌር መሆን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መርካቶ ከሚሸጠው ነገር ግማሹ፣ ከባትሪ ድንጋይ እስከ ሸራ ጫማ፣ በእነሱ መኪና ጀርባ ነው የሚገባው። ኩሊዎቹ ገና መሳለሚያ ሳለ ክላክሱን ሰምተው ይሄ የበቀለ ነው፣ ይሄ የእከሌ ነው ብለው ከተኙበት ይነሳሉ። በግቢያችን ቀን የሚቆጠረው በመኪና ነበር፤ አክስቴ ቤት ኪራይ የምትከፍለው "በቀለ ሲመጣ"፣ ጎረቤታችን ለልጇ ጫማ የምትገዛው "በቀለ ሲመጣ"፣ አንድ ጊዜ የሰው ሠርግ ሳይቀር "ሹፌሮቹ ሲገቡ ይሁን" ተብሎ ተላልፏል። እኔም የምኖረው በቀለ ሲመጣ ብቻ ነበር፣ ልዩነቱ ለእኔ የሚመጣው ዕቃ ሳይሆን እሱ ራሱ መሆኑ ነው። ልጆቹ አባቴ ሲመጣ ቴምር አለ ብለው ይከቡኛል፤ ቴምሩ ሲያልቅ እነሱም የሉም።

አንድ ቀን አክስቴ ለጎረቤት "ወንድሜን አሰብ ቀማችኝ" ስትል ሰማኋት። እኔ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላኝ ጅል አሰብን ሴት አደረግኋት። ወፍራም፣ የወርቅ ጥርስ ያላት፣ ባሕር ዳር ወንበር አውጥታ ቴምር እየበላች አባቴን የምታስቅ ሴት። ስንት ጊዜ ረግሜያታለሁ መሰላችሁ። በኋላ የአባቴን ረዳት ጋሽ ሙሄን አሰብ ከእኔ አክስት ትበልጣለች ወይ ብዬ ብጠይቀው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አሰብ ከተማ ናት፣ ሴት ብትሆን ኖሮ እንዲህ ባላቃጠለችን አለኝ። እፎይ ብል ደግ ነበር፣ ግን ይብስ አዘንኩ። ሴት ብትሆን እኮ አንድ ቀን ትሞታለች፣ ወይ ትጣላዋለች።

ጋሽ ሙሄ የወሎ ሰው ነው፤ ከአባቴ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጢሙ የሸበተ። ሚስቱና ልጆቹ ኮምቦልቻ ናቸው፤ መኪናው በዚያ ሲያልፍ አንድ ሰዓት ያህል ያያቸዋል። ይህን ሲነግረኝ እንደ ትልቅ ዕድል አድርጎ ነበር።

ያ የምነግራችሁ ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ያኔ ብቸኝነቴ ወለል ብሎ ወጣ። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ይንጫጫል፣ ልጆቹ በየቤታቸው ይከተታሉ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ጭቃውን አያለሁ። ከራሴ ጋር ማውራት የጀመርኩት ያኔ ነው። መልሼ የምሰድበውም ራሴን ነበር፤ ሌላ ማን አለና።

ሲሰለቸኝ ወደ መጋዘኑ ዘበኛ ወደ አባባ ቢተው እሄዳለሁ። አባባ ቢተው በወጣትነታቸው ከጎጃም ማርና ቅቤ በበቅሎ እየጫኑ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ። ጎጃም በረንዳ ስትቀና የበቅሎ ቅፍለቱ ማራገፊያ እንደነበረች፣ አሁን መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ የራሳቸው በቅሎዎች ይታሰሩ እንደነበር ያሳዩኛል። ከዚያ በጣሊያን ጊዜ ጭነት መኪና መጣ፤ የእሳቸው አሥራ ስምንት በቅሎዎች በወር የሚያመጡትን በሁለት ቀን አምጥቶ ዘረገፈው። በቅሎዎቹን አንድ ባንድ ሸጡ። እዚያው ቦታ ዘበኛ ሆነው ቀሩ፣ አሁን የሚጠብቁት መኪና ነው። ይህን ሲያወሩ አይቆጩም፤ የሚቆጫቸው ሌላ ነገር ነበር።

"ዓባይ ከሞላ ነጋዴ ቤቱ ነው" አሉኝ። "ከሰኔ እስከ መስከረም በቅሎዎቹ ሣር ይበላሉ፣ እኛ ከልጆቻችን ጋር ነን። መኪናው መጣና ክረምታችንን ወሰደው። ይሄው አባትሽ፣ ዝናብ አይል፣ ጭቃ አይል።"

ኩሊዎቹ ከዝናብ ሊጠለሉ ሲመጡ ደግሞ በእኛ አገር ልጅ ሁሉ የሚወለደው ፋሲካ ሰሞን ነበር እያሉ ያስቋቸዋል። እኔ ፋሲካ ላይ ልጅ የሚታደል መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ። ከሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሌላው ታሪካቸው ነው። አንድ ጊዜ ጭነው ሊነሱ ሲሉ መሪዋ በቅሎ አነከሰች፤ እግሯ እስኪድን አምስት ቀን ቤት ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ልጃቸው ቆማ ስትሄድ አዩ፤ የመጀመሪያዋን እርምጃ። "ያቺ በቅሎ ባታነክስ መቼ አያት ነበር" አሉና እጃቸውን እሳቱ ላይ ዘረጉ። እኔ ያን ሰዓት አባቴን አሰብኩ። በቅሎ ስትታመም ጌታዋ ይቀመጣል። መኪናስ?

መልሱን የሰጠኝ ጋሽ ሙሄ ነው። ሐምሌ መግቢያ ላይ ሲመጡ የናፍጣውን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈቶ ሲያጥብ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስኳር እልሳለሁ። ስኳር ያን ጊዜ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው የሚታደለው፤ አክስቴ ለሻይ ከምትሰጠኝ ላይ ትንሽ ቆንጥሬ ወረቀት ውስጥ እይዛለሁ። መኪና ይታመማል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ስኳሩን አየና ቀለደብኝ።

"ይታመማል እንጂ። አንቺ የምትልሽውን ነገር ቢልስ ወዲያው ይተኛል፣ አንድ ሳምንት አይነሳም።"

አንድ ሳምንት! እሱ ረስቶት ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔ ግን ወረቀቴን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርኩ። አክስቴ የምትሰጠኝን ማንኪያ ስኳር ዞር ስትል በትንሽ ጣሳ አጠራቅማለሁ። መራራ ሻይ ስጠጣ አይታ ልጅቷ አደገች፣ ልብ ገዛች ብላ ለጎረቤት አወራች። እኔም አደግሁ መሰለኝ፣ ኮራሁ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አባቴ መጣ። ባለፈው ሲሄድ፣ ስመለስ አንድ ሳምንት አርፋለሁ፣ ጃንሜዳ እወስድሻለሁ ብሎኝ ነበር። ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መርከብ ደርሷል፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት እንወጣለን ብሎ ለአክስቴ ነገራት። ለእኔ አልነገረኝም፤ ስለምሰማ የነገረኝ መስሎት ይሆናል። በጣም ነው የተናደድኩት። አላለቀስኩም፣ እኔ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም። ቴምሩን ሰጠኝ፤ ሳልቀምስ ለልጆቹ አደልኩት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። እንዲህ ያለ ዝናብ ሲመጣ መርካቶ ጭር ይላል፤ ኩሊዎቹ በረንዳ ሥር ተኮልኩለው ይቆማሉ፣ አባባ ቢተው ጎጇቸው ውስጥ ካቦርታቸውን ተከናንበው ያንቀላፋሉ። መኪናው ቆዳ ተጭኖ፣ ሸራ ለብሶ ቆሟል። አሮጌ ፊያት ነው፤ የሰርባትዮው ክዳን ከጠፋ ቆይቷል፣ ጋሽ ሙሄ በጨርቅና በላስቲክ ወትፎ በከመነዳሪ፣ በውስጥ ጎማ ቁራጭ፣ ያስረዋል። ድንጋይ ላይ ቆምኩ፣ ማሰሪያውን ፈታሁ፣ ጨርቁን አወጣሁ። ጣሳዬን እንዳለ ገለበጥኩበት። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ይሆናል። ጋሽ ሙሄ እንደሚያስረው አድርጌ መልሼ አሰርኩ፤ ይህን እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ከዚያ የመኪናውን ጎን በእጄ መታ መታ አደረግሁና አይዞህ፣ ብዙ አያምህም አልኩት።

ጠዋት ስነቃ የአባቴ ቦታ ባዶ ነው። ሮጬ ወጣሁ። መኪናውም የለም። ሄደ! እንደ ሁልጊዜው ክላክሱን ነፍቶ ሄደ አሉኝ አባባ ቢተው። ስኳሬን ሁሉ በላውና ሄደ። ያን ቀን ብርድ ልብሱንም አልተከናነብኩም፣ ጥግ ላይ ወርውሬው ዋልኩ።

በአራተኛው ቀን አባቴ በሰው መኪና ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። ለአክስቴ ሲነግራት እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን እስኪያልፉ መኪናው ደህና ነበር፣ ከዚያ ማንቋረር ጀመረ። ጣርማ በርን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ፣ ጉሙ ሰው አያሳይም፣ ሞተሩ ድርግም አለ። ፍሬኑ አልይዝ ብሎ መኪናው ከነጭነቱ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረ። ጋሽ ሙሄ ዘሎ ወርዶ እየሮጠ ታኮ፣ የማገጃውን እንጨት፣ ጎማው ሥር ወረወረ፤ አንዱን ዘለለው፣ ሁለተኛው ያዘው። ከገደሉ አፍ የቀረው ሁለት እርምጃ ነበር። አክስቴ ደረቷን መታች። እኔ የሰማሁት ሁሉ ገባኝ። መኪና ሲታመም እንደ በቅሎ ቆሞ የሚያነክስ ነበር የመሰለኝ። ሰው ይዞ ገደል ይገባል ብሎ የነገረኝ የለም።

መኪናው ተጎትቶ አዲስ አበባ ገባ። መካኒኮቹ ፊልትሮውን ሲፈቱ ስኳር አገኙ። መኪናው የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት መኪና ውስጥ ስኳር ከተገኘ ስሙ አንድ ነው፤ አሻጥር። ይህን ቃል በደንብ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ግራ እጃችንን እያነሳን አሻጥረኞች ይውደሙ ስንል ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። አሻጥረኛ ለእኔ ካቦርት የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ሰውዬ ነበር። ሽሮ የፈሰሰበት ቀሚስ የለበሰች ልጅ ትሆናለች ብዬ መቼም አልጠረጠርኩም።

ለሰርባትዮው ኃላፊው ረዳቱ ነው ተብሎ ጋሽ ሙሄን ወሰዱት። አባቴን ጠይቀው ለጊዜው ለቀቁት፤ መኪናው ስለተያዘ ግን ሥራ የለውም። ቤት ተቀመጠ።

ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። በሕይወቴ አባቴ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቤት ውሎ አያውቅም። አይኑ ግን እኔን አያየኝም። ጠዋት ተነስቶ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ሲጸና ይውላል፣ ተመልሶ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ የእጁን ጥፍር ያያል። አንድ ጊዜ ውኃ አምጥቼለት ሳይቀበለኝ ብዙ ቆምኩ። አጠገቡ ሆኜ ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ የባሰ ብቻዬን ነበርኩ። ለመናገር አፌን ስከፍት የሚወጣው ሌላ ወሬ ነው፤ አባባ ቢተው ጋ ሄጄም ልነግራቸው ጀምሬ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ።

በስምንተኛው ቀን የጋሽ ሙሄ ሚስት እትዬ ዘይነባ ልጇን ይዛ ከኮምቦልቻ መጣች። ስንቅ ልታቀብለው ነው። አክስቴ እኛ ቤት አሳደረቻቸው። ልጅቷ ፋጡማ ትባላለች፣ እኩያዬ ናት፣ አንድ አልጋ ላይ ተኛን። ጠዋት ዝናቡ ሲንጫጫ እኔን ቀሰቀሰችኝና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ያንቺ አባት መጥቶልሻል። የኔ መቼ ነው የሚመጣ?"

ይህን ጥያቄ እኔ ነበርኩ ስጠይቅ የኖርኩት። ለሚጠየቀው ሰው እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኳትና ከአልጋው ወርጄ ቁርሴን ሳልቀምስ ደጅ ወጣሁ።

አባቴ በረንዳው ላይ ፊቱን ሊላጭ ሳሙና ቀብቷል። አክስቴና እትዬ ዘይነባ ወደ ጣቢያ ሄደዋል። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

"አባዬ፣ ስኳሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ምላጩን አስቀመጠ። ግራና ቀኝ አየ። ክንዴን ይዞ ወደ ቤት አስገባኝና በሩን ዘጋ፤ ፋጡማን እንቅልፍ መልሶ ወስዷት ነበር።

"ማን ላከሽ?" አለኝ በሹክሹክታ። ከቁጣው ይልቅ ፍርሃቱ አስፈራኝ።

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን?"

"እንድትቀመጥልኝ።"

ሳሙናው ፊቱ ላይ እየደረቀ ነበር። ሌላ ማን ያውቃል አለኝ። ማንም አልኩት፤ ግን መኪና በስኳር ይታመማል ያለኝ ጋሽ ሙሄ ነው፣ ስኳር ስልስ አይቶኛል አልኩት። አባቴ እንደ ተመታ ሰው አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

"አውቋል" አለ ለራሱ። "ሙሄ ገና ስኳር ሲሉት አውቋል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልተናገረም።"

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ተነስቶ መላጨቱን ጨረሰ፣ ኮቱን ለበሰ። ከዚያ ተንበርክኮ ቀስ ብሎ፣ ትምህርት እንደሚያስጠና ሰው ነገረኝ። ልጄ ናት ቢል የሚያምነው የለም፣ ልጁን ላከ ይሉታል። ስለዚህ በናፍጣ ጀሪካን ስኳር ደብቄ ከመንገድ አምጥቼ ነበር፣ ጀሪካኑን ሳላጥብ ናፍጣ ቀዳሁበት ይላል። ያ አሻጥር አይደለም፣ ኮንትሮባንድ ነው። ያሳስራል፣ መንጃ ፈቃድም ያስነጥቃል፤ አሻጥር ግን፣ አለና አልጨረሰውም።

"ይህን ነገር ለአክስትሽም ቢሆን እንዳትነግሪ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሰማሽ?"

ሰማሁ አልኩት። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። በሩ ላይ ዞር ብሎ አይቶኛል፤ እኔ ግን መሬት መሬት ነበር የማየው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ጋሽ ሙሄ ተለቆ መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ ረዝሟል። ፋጡማ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አባቴ አብሮት አልነበረም። አክስቴ ወንድሟ በስኳር ኮንትሮባንድ ተያዘ ሲሏት ምን ጎድሎበት እያለች ታለቅሳለች፤ እኔ ጓዳ መጋረጃ ሥር ተደብቄያለሁ። ጋሽ ሙሄ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየኝ። ያን እጁን፣ ታኮ የወረወረበትን፣ ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። "ከእንግዲህ ላንቺ ቀልድ አላወራም" አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር የፈለገው፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። በማግሥቱ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ።

ስንቅ የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። አክስቴ ንግዷን ጥላ አትሄድ፣ ጣቢያው ደግሞ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥሬ በጭቃው እሄዳለሁ። አባቴ ወደ ሽቦ አጥሩ ይመጣል፤ ዘበኛው ምግቡን ቀምሼ ካሳየሁት በኋላ ያሳልፈዋል፤ ጥቂት ደቂቃ እንነጋገራለን። ምን በላሽ፣ ዝናቡ ቤት ገባ ወይ፣ አባባ ቢተው እንዴት ናቸው። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ያን ክረምት አባቴን በየቀኑ አየሁት፣ ደስ ብሎኝም ነበር። እየሮጥኩ ነው የምሄደው። ስመለስ ደግሞ በደስታዬ አፍራለሁ፤ ሰው ታስሮ ልጁ ደስ ይላታል ወይ እያልኩ ራሴን እሰድባለሁ። አክስቴ ፈቃዱን እንደነጠቁት፣ ሁለተኛ መሪ እንደማይጨብጥ ስትሰማ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። እሱ ለእኔ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አላነሳብኝም።

ጳጉሜ ገባ። የሰፈሩ ልጃገረዶች የእንቁጣጣሽ ዘፈን መለማመድ ጀመሩ። አንድ ቀን ስንቁን ይዤ ልወጣ ስል ጠሩኝ፤ ድምፅሽ ያምራል፣ ነይ ከበሮ ያዢ አሉኝ። ቴምር የለኝም፣ ምንም የለኝም፣ እንዲያው ጠሩኝ። ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐይ ወጥታለች። ከበሮውን ያዝኩ። ዘፈንን፣ ተሳሳትን፣ ሳቅን፣ እንደገና ጀመርን። ሳህኑ ተቋጥሮ በሩ ላይ እንዳለ ያስታወስኩት ጥላው ሲረዝም ነው። ሮጥኩ፤ ስደርስ በሩ ተዘግቷል፤ የስንቅ ሰዓት አልፏል ብለው መለሱኝ።

በማግሥቱ ገና በጠዋት ሄጄ ደጁ ላይ ቆምኩ። ዘበኛው ሲያየኝ ትናንት አባቴ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አጥሩ ላይ ቆሞ እንደዋለ ነገረኝ። ልጅ ናት፣ ጨዋታ ይዟት ነው፣ ግባና አረፍ በል ቢለው ትንሽ ልያት ብሎ አልገባም አለ። እስኪመሽ ድረስ መንገዱን እያየ ቆመ፤ በግድ ነው ያስገባሁት አለኝ።

አባቴ መጣ። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ልዋሽ አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም፤ እየተጫወትኩ ነበር አልኩት። ከማን ጋር አለኝ። ስማቸውን አንድ ባንድ ነገርኩት። ጥሩ ነው፣ ተጫወቺ፣ አለኝ። ከዚያ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቴን እንዲህ ትኩር ብሎ አይቶኝ አያውቅም ነበር።

"መጠበቅ ለካ እንዲህ ነው?" አለኝ።

"አዎ አባዬ" አልኩት፣ "እንዲህ ነው።"

ሳህኑን በአጥሩ ሥር አሾልኬ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ እጄን ግን ቶሎ አልለቀቀኝም።